ጋሼ እሺ ብለው የዘጉት ፋይል

መስከረም 14

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ከዚህ አቧራማ ደጃፌ ተነስቶ አንተ ያለህበት ክፍል ድረስ ይግባልህ። ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ዓይንህን ይጠብቅልህ፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጠህ ነው የምትውለው ይሉኛል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እበላለሁ፣ ሱቁን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ ማለቴ ነው፤ ከዚያ በላይ አትጠይቀኝ። ስልክ ያልደወልኩትም ድምፅህን ስሰማ አልቅሺ አልቅሺ ስለሚለኝ ነው።

ጋሼህ ካረፈ ወዲህ ሐውልቱ አልቆመም። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው የመቃብር ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው፣ የራሱ መቃብር ላይ ያለው አንዲት የተሰነጠቀች ሳንቃ ናት። "የድንጋይ ሠራተኛ ሚስት ሆና ለባሏ ድንጋይ ነፈገችው" እያሉ ያሙኛል አሉ። ይሙኝ። ድንጋዩማ አለ፤ ራሱ የመረጠው ጥቁሩ ነው። ጽሑፉንም ራሱ አዘጋጅቶ ነው የሄደው። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ መሮውን አስቀምጦ ጓዳ ካለው አሮጌ ኮምፒዩተር ፊት ይቀመጥና በአንድ ጣቱ ይጠቀጥቅ ነበር። "ምንድን ነው እሱ?" ስለው "ድንጋዩ ሲያልቅ ታዪዋለሽ፤ ምን ያስቸኩልሻል፣ አንቺ ሴትዮ" አለኝ። እኔም ተውኩት። ያን ሰሞን እንደሆነ ብዙም አይናገርም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጨክኜ ፈጣኑን "በል ጽሑፉን ጫነው" አልኩት። ፈጣኑን መቼም አትረሳውም፤ ከጋሼህ ጋር አብሮ ያረጀው ሠራተኛችን፣ አንዲት ብርጭቆ ሻይ ለመጨረስ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት፣ ለዚያ ነው ፈጣኑ ያልነው። ለሙከራ ስባሪ ድንጋይ በኮምፒዩተር የሚታዘዘው መቅረጫ ማሽን ላይ አስቀመጠ። ማሽኑ ጮኸ፣ ወረደ፣ ወጣ። አቧራውን በጨርቅ ጠርጌ ሳየው አንድም ፊደል የለም። ስሙ መሆን በነበረበት ቦታ የጥያቄ ምልክት። ከሥሩ ባለው መስመርም የጥያቄ ምልክት።

ፈጣኑ ዓይኑ ፈጠጠ። "እትዬ፣ ጋሼ እየጠየቁ ነው" አለና ሽርጡን እዚያው ጥሎ ወጣ። እሱ ሰውዬ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ክፍል አልገባም ብሎኝ በረንዳ ላይ ነው የሚሠራው።

አንተ የሠራህልን ፕሮግራም ተበላሽቷል እንዳትል፣ የሌላ ሰው ስም ስናስገባ አንዲት ፊደል አይስትም። የእሱ ብቻ ነው። አንተ ይህን ነገር ተምረኸዋልና ንገረኝ፤ ምን ማለት ነው?

አክስትህ


መስከረም 29

ለማከብርዎት አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ ይመለስ፣ ቤትዎ አይጉደል። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ። ለቀብሩ ሳልደርስ የቀረሁበትን ነገር እዚህ ላይ አላነሳም። ይረዱኛል ብዬ አምናለሁ።

አክስቴ፣ አይፍሩ። ጋሼ አልጠየቁም። ነገሩ ይህን ይመስላል። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ ፋይል ሲቀመጥ የሚቀመጠው ቁጥሩ ነው። የድሮዎቹ የፋይል ዓይነቶች ግን የተሠሩት ለጥቂት ፊደላት ብቻ ስለሆነ የኛን ፊደል የሚያስቀምጡበት ቦታ የላቸውም። ቦታ ሲያጡ በፊደሉ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣሉ። እኔ የሠራሁት ፕሮግራም ሁሉንም በሚችለው ዓይነት ነው የሚጽፈው፤ ለዚህ ነው የሌሎቹ ደህና የወጣው። ጋሼ በሌላ መንገድ አስቀምጠውት መሆን አለበት።

አንድ ነገር በደንብ አይተው ይንገሩኝ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው ወይስ እውነተኛ የጥያቄ ምልክት? ሳጥን ከሆነ ምንም አይደል፤ ፊደሉ እዚያው አለ፣ የሚያሳየው አጥቶ ነው። እኔ ራሴ እዚህ መሥሪያ ቤት ስገባ "ስምህን በአገርህ ፊደል ጻፍልን፣ መታወቂያህ ላይ እናድርገው" ብለውኝ በደስታ ጻፍኩላቸው። አትመው ሲሰጡኝ አራት ሳጥን። ይኸው እስከ ዛሬ አራት ሳጥን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ለማንኛውም ፋይሉን በፍላሽ አድርገው፣ ከተቻለም የአሮጌውን ኮምፒዩተር ዲስክ አስፈትተው በመንገደኛ ይላኩልኝ።

አክባሪ የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 11

ለወንድሜ ልጅ፣

መንገድህ የቀና፣ እንጀራህ የሰፋ ይሁን። አራት ሳጥን አንጠልጥሎ የሚሄድ ልጅ ነው እንዴ ያሳደግኩት? ሂድና አስተካክሉልኝ በላቸው እንጂ! ወይ አንተ። ልጅ ሆነህም የሰው ጫማ ደርሶህ ቁጭ ብለህ ያለቀስክ እንጂ የራሴን ስጡኝ ያላልክ ነህ።

አየሁት። ሳጥን አይደለም። ጥያቄ ምልክት ነው፣ ጆሮ የመሰለው፣ ከሥሩ ነጥብ ያለው።

ፈጣኑን በረንዳው ላይ አስቀምጬ አውጣጣሁት። ያን ሰሞን ሱቁ ውስጥ ያለው አዲሱ ኮምፒዩተር ተበላሽቶ ጥገና ሄዶ ነበር። ለዚያ ነው ጋሼህ አሮጌው ላይ የተቀመጠው። ጽፎ ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ቢጫ ምልክት ያለበት። ፈጣኑ "ጋሼ፣ ምን ይላል?" ቢለው "እኔ ከማሽን ጋር ሙግት የለኝም" ብሎ እሺ የሚለውን ተጫነ። ጋሼህን ታውቀው የለም? ከሰው ጋር ለአንዲት ሚስማር ቀኑን ሙሉ ይከራከር የነበረ ሰው፣ ማሽን ለጠየቀው ነገር ሁሉ እሺ ነበር መልሱ። ስልኩ ላይም ኮምፒዩተሩ ላይም እንደዚያው አልነበር? እሺ፣ እሺ፣ እሺ እያለ ስንት ጊዜ ያንተን ፎቶ አጠፋ።

ፈጣኑ የተጻፈውን አላነበበም። "በር ላይ ነው የቆምኩት፣ እትዬ" ይላል። ታዲያ በር ላይ የቆመ ሰው ቢጫውን ምልክት አይቶ ጽሑፉን እንዴት አያይም? እንጃ።

እኔን ያሳሰበኝ ስሙ አይደለም፤ ስሙንማ አውቀዋለሁ። ከሥሩ ያለው መስመር ነው። የጻፈው የመጨረሻ ነገር እሱ ነው። በመጨረሻው ወር ከአፉ ቃል ማውጣት ድንጋይ ከመፈልፈል ይብስ ነበር፤ "አመመህ?" ስለው ራሱን ይነቀንቃል፣ "ራበህ?" ስለው ራሱን ይነቀንቃል። ያ ሁሉ ዝም ያለ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው ነገር ምንድን ነው? ለኔ ይሆን? ለኔ ባይሆንስ?

ሌላም ልንገርህ፣ አትሳቅ። በቀትር፣ ፀሐዩ ሲከር፣ ማሽኑ ክፍል ውስጥ ድምፅ እሰማለሁ። መብራቱ ተነቅሎ ነው የምልህ። ሄጄ በሩን ስከፍት ጸጥ ይላል። ትናንት እንደዚያው ገብቼ፣ ከገባሁ አይቀር ብዬ የሱን ድንጋይ አቧራ ስጠርግ ጠርዙ መዳፌን ቆረጠኝ። ብዙ ደማ። ምን አስቆጣው ብዬ እዚያው ቁጭ አልኩ።

ዲስኩን ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ልጇን ልትጠይቅ ወዳንተ አገር ስለምትመጣ በእሷ ልኬዋለሁ። በፎጣ ነው የጠቀለልኩት። የሱ ፎጣ ነው፤ አትጣለው።

አክስትህ


ኅዳር 20

ለማከብርዎት አክስቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ፣ እጅዎ ፈጥኖ ይዳን። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዲስኩ በሰላም ደርሶኛል። ፎጣውም።

መልስ ሳልሰጥ የቆየሁት ፈልጌ ሳልጨርስ ላለመጻፍ ብዬ ነው። በሥራ ቦታችን እንዲህ ያለውን የሚያወጡ መሣሪያዎች አሉ፤ አለቃዬን አስፈቅጄ ከሥራ በኋላ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር አየሁት። የተሰረዘውን ሁሉ አወጣሁ። የኔን የትምህርት ቤት ፎቶ ሁሉ አገኘሁ፤ ጋሼ በእሺ ያጠፉትን። የጽሑፉን ሌላ ቅጂ ግን አላገኘሁም። ያለው ያቺው አንዲት ፋይል ናት፤ ውስጧ ያለውም ምልክቱ ብቻ ነው። ፊደሎቹ ከምልክቱ ሥር የተደበቁ አይደሉም። የሉም። ተመልሰው አይመጡም።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፣ ካጽናናዎት። ፋይሉ ሲቀመጥ ስክሪኑ ላይ ምንም አይለወጥም። የሚታየው የጻፉት ራሱ ነው፤ የሚጠፋው ተዘግቶ ሲከፈት ነው። ጋሼ ዘግተው ሲነሱ ጽሑፋቸውን ሙሉውን አይተው ነው የተነሱት። ምንም አልጎደለባቸውም።

የቀረልን ቅርጹ ብቻ ነው። አንድ ምልክት ማለት አንድ ፊደል ነው፤ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተትም እንዳለ ነው። ከስማቸው ሥር ያለው ይህ ነው፦

???? ?? ????? ??

ስማቸውን በአዲሱ ኮምፒዩተር እንደገና ጽፈው ያስቀርጹት። ከሥሩ የፈለጉትን ይጨምሩ። እባክዎ በዚህ ነገር ራስዎን አይጉዱ።

አክባሪ የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 2

ለወንድሜ ልጅ፣

ቸር ያሰማህ፣ እኔን ባታሰማኝም። የላክልኝን ቅርጽ አየሁት። ምነው ባልላክልኝ ኖሮ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው አልሆንኩም። ገበያ ቆሜ ሻጩ ሲያናግረኝ የሚናገረውን ፊደል በጣቴ እቆጥራለሁ። ሐዘንተኛ መጥቶ ለእናቱ ድንጋይ ሲያዝ እያለቀሰ የሚነግረኝን ቃል ይገባ ይሆን፣ አይገባ ይሆን እያልኩ እለካለሁ። አፈርኩ። ሰውዬው አፍንጫውን እየጠረገ "ምን ሆኑ፣ እናቴ?" አለኝ፤ እሱ እኔን ሊያጽናና!

ግማሽ የሚገባ ብዙ ነው። "አመሰግናለሁ" ብዬ ሞከርኩ፣ አልገባም። ይቅርታውንም፣ ፍቅሩንም፣ መርቆኝ እንደሆነም ሞከርኩ። ረግሞኝ እንደሆነም ሞከርኩ፤ እውነቱን ልንገርህ። የኔ ስም በአንዱም ቃል ልክ አይገባም። ይህን ሳውቅ አንድ ቀን ሙሉ ሱቅ አልከፈትኩም።

ፈጣኑ በበረንዳው በኩል አጮልቆ ያየኛል፤ አንድ ነገር ሊል ይፈልግና ይተወዋል። ይናገር እንደሆነ ይናገር፣ ካልሆነ ዓይኑን ያንሳልኝ። በቀትር ያለው ድምፅም አልቀረም። አሁን ተነስቼ በሩን አልከፍትም፤ ተቀምጬ አዳምጠዋለሁ።

አንተ ፈልገህ ታጣለህ? ገና ልጅ ሆነህ ጓዳው ውስጥ ከድንጋዮቹ መካከል እየተኛህ ያደግክ፣ የጠፋ ሁሉ ባንተ የሚገኝ። መነጽሬን እንኳ ማን ነበር የሚያገኝልኝ? እንደገና ፈልግልኝ። ሌላ የምለምንህ ነገር የለኝም። ገንዘብ አልፈልግም፣ ልብስ አትላክ። ያንን መስመር ብቻ።

አክስትህ


የካቲት 18

ለማከብርዎት አክስቴ፣

ለብዙ ጊዜ ዝም ስላልኩ ይቅር ይበሉኝ። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

እንደገና ፈለግኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አዲስ ዘዴ አሳየኝና ዲስኩ ጥግ ላይ ቅንጣቢ አገኘን። ሙሉ አይደለም፤ ግን ከቅርጹ ጋር አገናኝተን አነበብነው። የሚለው ይህንን ነው፦

በደህና ነኝ አታልቅሺ ውዴ

ለእርስዎ ነበር፣ አክስቴ። አሁን ያሳርፉት፤ እርስዎም ይረፉ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 9

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ የምሬን ነው ሰላም የምልህ። በጤና ዋል፣ በጤና እደር፤ እዚያ ቀዝቃዛ አገር ውስጥ የሚያሞቅህ ሰው አይጣህ።

ደብዳቤህ የደረሰ ዕለት ሁለቱን ጉልበቴን መሬት ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ደግሜ ደግሜ ቆጠርኩት፤ ልክ ነው፣ አንዲት ፊደል አይጎድልም፣ አይተርፍም። ዓመት ሙሉ ያልመጣ እንቅልፍ መጥቶ ወሰደኝ። ቀን ላይ ነው የምልህ፣ ወንበር ላይ። በማግሥቱ አዲሱ ኮምፒዩተር ላይ አስጻፍኩትና ትልቁን ድንጋይ ማሽኑ ላይ አስወጣሁ። ለዚህ አራት ሰው ከሰፈር ጠራሁ፤ ፈጣኑ እንደሆነ ደጃፉን አልፎ አልገባም።

ማሽኑን ልናስነሳ ስንል በሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን አነበበ። አንድ ጊዜ አነበበ። እንደገና አነበበ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"እትዬ፣ ጋሼ 'ውዴ' አሉ?"

ሳቅኩ። ልጄ፣ ጋሼህ ከሞተ ወዲህ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው። አራቱ ሰዎች አበደች ብለው ተያዩ። አብረን አርጅተን፣ ከዚያ ሰውዬ አፍ አንድ ቀን "ውዴ" ወጥቶ አያውቅም። በሠርጋችን ዕለት እንኳ "አንቺ ሴትዮ፣ ደክሞሻል፣ ተቀመጪ" ነው ያለኝ። አንተም እዚሁ ቤት ነው ያደግከው፤ እንዴት ረሳኸው? ወይስ ጋሼህ እንደዚያ ቢል ኖሮ ብለህ ተመኘህልኝ?

አልተቀየምኩህም። ተቀምጠህ እየቆጠርክ፣ እየሰረዝክ፣ እየቆጠርክ የጻፍክልኝ ያ ሁሉ ወር ታየኝ። ለካ አንተም እንደኔ በጣትህ ስትቆጥር ነበር።

ሳቄ ሲያልቅ ግን ድንጋዩን አየሁት። እንደገና ባዶ ሆነ ማለት ነው አይደል? ሰዎቹን ሸኝቼ ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፈጣኑ ከበሩ አልሄደም። ቆብ ያለ ይመስል ራሱን ያሻሽ ጀመር።

"እትዬ፣ ካልተቆጡኝ፣ እኔ የማውቀው፣ እርስዎ በሚቆጥሩት ልክ የሚገባ አንድ አለ።"

"ተናገራ! እስከ መቼ ነው ዓይንህን የምታጉረጠርጥብኝ?"

"ለርስዎ የሚሆን አይደለም። ተራ ነገር ነው። ለዚያ ነው ሳልነግርዎት የቀረሁት።"

"ተናገር አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ!"

አንገቱን ደፍቶ ተናገረው። "ጠርዙን ጥሩ አድርገህ ፋቅ።"

ቆጠርኩት። አንተም ቁጠረው። ልክ ነው።

ጋሼህ ዕድሜ ልኩን ጠዋት ሲገባ የሚለው፣ ማታ ሲወጣ የሚለው ነው። እኔም ከጓዳ ሆኜ ስሰማው የኖርኩት፣ ከመስማቴ ብዛት መስማት የተውኩት ነው። ፈጣኑ ደግሞ ሥራ ይወዳል፣ ጠርዝ ግን አይወድም፤ ማን ያየዋል እያለ ያልፈዋል። ለዚያ ነው ጋሼህ ከስሙ ሥር ለሱ ማስታወሻ የጻፈለት። ምናልባት የሚቀረጽም አልነበረ። መዳፌን የቆረጠኝ ያው ጠርዝ ነው፤ እጁ አቅም አጥቶ ሳይጨርሰው የቀረው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ቅናት ያዘኝ። የመጨረሻ ቃሉ ለፈጣኑ! ለኔ አንዲት ቃል የለም! ተነስቼ ልወጣ ስል ፈጣኑ ከዚያች ቀን ጀምሮ ያልረገጠውን ደፍ አልፎ ገባ። ሽርጡን ከወደቀበት አነሳ፣ አራገፈ፣ አሠረ። መፋቂያውን ይዞ ጠርዙ ላይ ጎንበስ አለ፤ እያለቀሰ ይፍቃል፣ እየፋቀ ያለቅሳል። እኔም ውኃ ማፍሰስ ጀመርኩለት። ምን ላድርግ? እሱ ሲፍቅ፣ እኔ ሳፈስ፣ መዳፌን ሳሳልፍ፣ "እዚህ ጋ ቀርቷል" ስለው ዋልን። ከዚያ ሰውዬ ጋር ዕድሜዬን ስኖር ድንጋይ ስሠራ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

የጻፈው መስመር ያ ይሁን ሌላ ይሁን የሚያውቅ የለም። የጠፋው አይመለስም ብለኸኛል፣ አምኜሃለሁ። ድንጋዩ ላይ ስሙን ብቻ አስቀረጽኩ። ከሥሩ ያለው ባዶ ነው። ባለፈው እሑድ አቆምነው። ሰው ሁሉ መጥቶ "ምነው ሌላ አልጻፋችሁበት?" አለ። ስለ ጠርዙ ማንም ምንም አላለም።

በቀትር ያለው ድምፅ ቀረ ብዬ አልዋሽህም። ዛሬም ነበር። አሁን ግን ሰምቼ "እሺ" እለዋለሁ፤ እሱ ለማሽኑ እንደሚለው። እሺ ስለው ዝም ይላል።

"ውዴ" ያልከውን ከጋሼህ አልተቀበልኩትም። ካንተ ከሆነ ግን ይሁን፣ ተቀብያለሁ።

እስከ ዛሬ ና ብዬህ አላውቅም። ለቀብሩ ያልመጣኸው ቸግሮህ መሆኑን ስለማውቅ ዝም ብዬ ነበር። አሁን እልሃለሁ፤ ና። ደረትህ ላይ ያሉትን ሳጥኖች እዚያው ጥለህ ና፤ እዚህ ስምህን የሚያውቅ ሰው አለ። ፎጣውንም ይዘህልኝ ና። ጋሼህ ጋ ወስጄህ እጅህን በጠርዙ ላይ ታሳልፋለህ። አይቆርጥም።

አክስትህ